በፎይል ላይ ለቀረበው ክስ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አሉሚኒየም ፎይል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሷል። እኔ ጋም ከየአቅጣጫው ደርሷል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ «አንብቢው፣ ከዛሬ ጀምሮ ፎይል እንዳትነኪ» ብላ ላከችልኝ። የሰፈራችን አንዲት እናት ደግሞ ለበዓል የገዙትን ሙሉ ጥቅል አውጥተው ጣሉት። እኔ ቤቴ ዳቦም ኬክም እጋግራለሁ፣ ፎይልም እጠቀማለሁ። ስለዚህ ጽሑፉን ረጋ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። አብዛኛው ትክክል አይደለም። መጨረሻው ላይ የተሰጠው ምክር ደግሞ አደጋ አለው። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም በሱ ምክንያት ነው።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። ፎይል በኦቭን ሙቀት ይቀልጣል፣ ቀልጦም ምግባችን ውስጥ ይገባል። ለዚህ ማስረጃው ላዛኛ ወይም ዓሣ የተሸፈነበት ፎይል ተበሳስቶ መገኘቱ ነው። የገባው አሉሚኒየም አንጎል ውስጥ ተከማችቶ የመርሳት በሽታ ያመጣል። የሚያብረቀርቀው ገጽ ኬሚካል የተቀባ ስለሆነ ምግብ ሊነካው አይገባም። ትሪ ላይ የተነጠፈ ፎይል የዳቦና የኬክ ታች ያሳርራል፣ በምትኩ ዘይት የተቀባ ጋዜጣ ይሻላል። እናቶቻችን በኮባ ቅጠል ሲጋግሩ እንዲህ ያለ በሽታ አይታወቅም ነበር። በመጨረሻም፣ የገዛችሁት ፎይል እንዳይባክን የኦቭናችሁን ወለል አልብሱበት፣ የሚንጠባጠበውን ቅባት ይይዝላችኋል ይላል።

ጸሐፊው ለሰው ጤና አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። አንዳንድ የያዙት ነገርም እውነት አለበት፣ እሱንም አልክድም። ችግሩ ፍርሃታችንን ያለ ቦታው አስቀመጡት። እምብዛም ከማይጎዳው አስሸሹን፣ የሚጎዳውን ደግሞ አድርጉ አሉን።

ከመቅለጡ ልጀምር። አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። የቤት ኦቭን እስከ መጨረሻው ቢከፈት 250 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚደርሰው። ዳቦና ኬክ የምንጋግረው ደግሞ በ180 እና በ200 አካባቢ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ያለው የኬክ መጋገሪያም እኮ ራሱ አሉሚኒየም ነው። ፎይሉ በዚያ ሙቀት የሚቀልጥ ቢሆን መጋገሪያውም አይተርፍም ነበር። ሁለቱ አንድ ዓይነት ብረት ናቸው፣ ልዩነታቸው ውፍረት ብቻ ነው።

ግን እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጥ። ብረት ሳይቀልጥም ምግብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አሉሚኒየም ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን አለው። ከምግብም ከአየርም የሚጠብቀው ያ ሽፋን ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ያንን ሽፋን ይበሉታል። ጨው ያግዛቸዋል። ሙቀትና ረጅም ሰዓት ሲጨመርበት ይብሳል። ከሐይቅ የሚመጣውን ቆሮሶ በሎሚና በጨው አሽታችሁ፣ ቲማቲም ከላዩ ከትፋችሁ፣ በፎይል ጠቅልላችሁ ብትጠብሱት ከፎይሉ የተወሰነ አሉሚኒየም ወደ ዓሣው ይሄዳል። ይሄ እውነት ነው። የጀርመን የአደጋ ምዘና ተቋምም አሲድ ወይም ጨው የበዛበትን ምግብ ከፎይል ጋር አታነካኩ ብሎ ይመክራል። ደረቅ ዳቦ፣ ኬክ፣ ብስኩት፣ ጨው ያልበዛበት ድንች ግን ሌላ ነገር ነው። እነሱ ያንን ሽፋን የሚነካ ነገር እምብዛም የላቸውም። ጽሑፉ ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ «ፎይል መርዝ ነው» አለ። ከዳቦ ሥር የተነጠፈ ፎይልና ሎሚ ውስጥ የተዘፈዘፈ ፎይል አንድ አይደሉም።

የተበሳሳው ላዛኛ በጣም ስለተወራ ትንሽ ልቆይበት። እውነት ነው፣ ይበሳሳል። የቲማቲም ስጎ የነካበት ቦታ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ይወጣል፣ ዙሪያው ግራጫ ይሆናል። ላየው ሰው ያስደነግጣል። ግን ፎይሉን እሳት አልበላውም። ላዛኛው የተሠራው በማይዝግ ብረት ትሪ ላይ ነው። ከላይ ደግሞ በፎይል ተሸፍኗል። መሃል ላይ ጨውና አሲድ ያለው እርጥብ ስጎ አለ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች እርስ በርስ ተነካክተው በመሃላቸው እንዲህ ያለ ፈሳሽ ሲገባ ባትሪ ይሆናሉ። ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ በዚህም ውስጥ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ኦቭን ሳይገባ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድርም ይበሳሳል። ይሄ ብቻውን ሙቀቱ እንዳላቀለጠው ያሳያል። በመስታወት መጋገሪያ ላይ ሲሆን ሁለተኛ ብረት ስለሌለ ባትሪውም የለም።

ስንት አሉሚኒየም ገባ ማለት ነው? ማስላት ይቻላል። የቤት ፎይል ውፍረቱ 0.016 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትሩ የሚመዝነው 4 ሚሊግራም ያህል ነው። የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ብትወጣ የጠፋው ከ3 ሚሊግራም አይበልጥም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 ያስቀመጠው ገደብ ለአንድ ሰው በሳምንት በእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 1 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት በሳምንት 60 ሚሊግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጋራ ኮሚቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የራሱን ገደብ በኪሎ 2 ሚሊግራም አድርጎታል። እና ያ ላዛኛ ለስድስት ሰው የተሠራ ነው።

ይህን ስል ከቀዳዳው ሥር ያለውን ስጎ ብሉት እያልኩ አይደለም። ጣዕሙም ይበላሻል፣ ብረት ብረት ይላል። ያንን ቦታ ገፈፍ አድርጋችሁ ጣሉት። ለሚቀጥለው ደግሞ በመስታወት መጋገሪያ ሥሩት፣ ወይም ፎይሉ ስጎውን እንዳይነካ ከፍ አድርጋችሁ ሸፍኑት፣ ወይም መሃል የመጋገሪያ ወረቀት አስገቡ። ዓሣውንም እንደዚሁ። መጀመሪያ በወረቀት፣ ከላይ በፎይል። ሎሚውን ደግሞ ከበሰለ በኋላ ጨመቅ ማድረግ ይቻላል፣ እንዲያውም ይጣፍጣል።

ወደ መርሳት በሽታው ልምጣ። ሰውን ያስደነገጠው ይሄ ነው፣ ሰፈራችን ያሉትን እናት ጥቅላቸውን ያስጣላቸውም ይሄ ነው። ወሬው ከየትም አልመጣም፣ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 ተመራማሪዎች አሉሚኒየም የጥንቸል አንጎል ውስጥ በቀጥታ ጨመሩ። የነርቭ ሴሎቹ ውስጥ የተጠላለፈ ክር የመሰለ ነገር ታየ። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ባለባቸው ሰዎች አንጎል ውስጥም ክር የመሰለ ነገር ይታያል። «እንግዲያው አሉሚኒየም ነው» የሚለው ሐሳብ ከዚያ ተነሣ። ቆየት ብሎ ሲመረመር ግን የጥንቸሎቹ ክር አሠራሩ ከሰዎቹ የተለየ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ ኩላሊታቸው የማይሠራ፣ ደማቸው በማሽን እየታጠበ (በዲያሊሲስ) የሚታከሙ ሰዎች ላይ ከባድ የአንጎል ሕመም ታየ። ምክንያቱ አሉሚኒየም ያለበት የማጠቢያ ውሃ ነበር። ይሄ እውነተኛ ጉዳት ነው። ግን አሉሚኒየሙ የገባው በቀጥታ ደም ውስጥ ነው፣ የሚያወጣ ኩላሊትም አልነበረም።

በምግብ የሚገባው ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ከምንበላው አሉሚኒየም ውስጥ ወደ ደም የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። የቀረው በሰገራ ይወጣል። ያለፈውንም ጤነኛ ኩላሊት አብዛኛውን ያወጣዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመርምሯል። በወጥ ቤት ዕቃና በፎይል አሉሚኒየም አልዛይመር እንደሚመጣ ያረጋገጠ ግን የለም። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን ጥንቃቄው ተገቢ ነው፣ ሐኪሙንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ይህን ለይቶ ቢያወጣ ኖሮ ብዙ ሰው በጠቀመ ነበር። እሱ ግን ስለ ኩላሊት አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አሉሚኒየምን ሙሉ በሙሉ እንራቅ ከተባለ ደግሞ ከፎይል አይጀመርም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ካሉት ብረቶች በብዛት አንደኛው እሱ ነው። ከኦክስጅንና ከሲሊከን ቀጥሎ የሚመጣ ንጥረ ነገር ነው። ሻይ ቅጠል ከአፈር ይስበዋል፣ አንድ ሊትር ሻይ ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም ይገኛል። አንዳንዱ ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ የአሉሚኒየም ጨው አለ። ጨጓራ ሲያቃጥለን የምንውጠው መድኃኒት ደግሞ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው። 400 ሚሊግራም ያለባት አንዲት እንክብል ውስጥ አሉሚኒየሙ ብቻ ወደ 138 ሚሊግራም ይሆናል። እስኪ ከሽምብራዋ ቀዳዳ ጋር አስተያዩት። ጨጓራ የሌለበት ቤት ደሴ ውስጥ ጥቂት ነው። መድኃኒቱን ግን ማንም ጥቅል እንደ ጣለው አልጣለውም፣ መጣልም የለበትም።

ድስታችንስ? ያ የሚያብረቀርቀው፣ ገበያ ላይ ተደራርቦ የሚሸጠው ድስት በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ብራዱም እንደዚያው። ቲማቲም ስልሱን በዚያ ድስት ውስጥ ለረጅም ሰዓት እያንተከተከ፣ ሥሩንም በማማሰያ እየፋቀ የሚሠራ ሰው፣ ዳቦ ሥር የተነጠፈውን ፎይል የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም። ድስት ካነሣን አይቀር የሚያሳስበኝን ልናገር። ከውድቅዳቂ ብረት ቀልጦ የሚሠራ ድስት ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ካሜሩን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት እንዲህ ካሉ ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚገባ አሳይቷል። እርሳስ ለሕፃናት አንጎል ትንሹም መጥፎ ነው። ለጤና የሚጽፍ ሰው ከፎይል በፊት ይሄን ቢያነሣ ደስ ይለኝ ነበር።

የሚያብረቀርቀው ገጽ ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። ምንም አልተቀባም። ፎይል ፋብሪካ ውስጥ እየተዳመጠ ይሳሳል። መጨረሻው ላይ ግን በጣም ስስ ስለሚሆን ብቻውን ቢያልፍ ይቀደዳል። ስለዚህ ሁለቱን ደርበው ነው በማዳመጫው የሚያሳልፉት። ማዳመጫውን የነካው ጎን ያብረቀርቃል። እርስ በርስ የተነካካው ጎን ፈዘዝ ይላል። ለምግብ በየትኛውም ገልብጡት ለውጥ የለውም። እንዳይጣበቅ ተብሎ ለብቻው የተሠራ የፎይል ዓይነት አለ፣ እሱ በአንድ በኩል ሽፋን አለው። ግን ማሸጊያው ላይ በግልጽ ይጻፋል።

«የዳቦና የኬክ ታች ያሳርራል» የሚለው ላይ ግን እንደ ጋጋሪ ብዙ የምለው አለኝ። ታች የሚያርረው በሌላ ምክንያት ነው። ጥቁር ትሪ ሙቀት ይስባል፣ ስለዚህ ታችና ጎኑ ቶሎ ይጠቁራል። የሚያብረቀርቅ ነገር ሙቀቱን ይመልሳል። እንግዲህ ፎይል ከረዳ የሚረዳው እንዳያርር ነው። ሁለተኛው ምክንያት ቦታ ነው። ብዙዎቻችን ያለን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ የኤሌክትሪክ ኦቭን ነው። ትሪው ከታች ካለው ማሞቂያ ጋር በጣም ይቀራረባል። ትሪውን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ወይም ሥሩ ሌላ ባዶ ትሪ መደረብ ይፈታዋል። ፎይሉን ማውጣት አይፈታውም።

ፎይል ኬክ የሚያበላሽበት መንገድ አለ፣ እሱም አነጣጠፉ ነው። ትሪው ውስጥ እየጠቀጠቅን ካነጠፍነው ይጨማደዳል፣ ጥግ ላይ ይቀደዳል። ሊጡ እጥፋቱ ውስጥ ይገባና ሲላጥ ኬኩ ይቦጨቃል። ጥሩው አነጣጠፍ እንዲህ ነው። ትሪውን ድፉት። ፎይሉን በጀርባው ላይ አልብሱ፣ በመዳፋችሁ እየዳበሳችሁ ጥግ ጥጉን አስይዙት፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል አስተርፉ። ቅርጹን ሲይዝ ቀስ ብላችሁ አውጡት። ትሪውን ገልብጡና ፎይሉን ውስጡ አስቀምጡት። ልክክ ብሎ ይገባል፣ አንድ ጭምድድ የለውም። ቅቤ ወይም ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ሲበስል የተረፈውን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዛችሁ ኬኩን ብድግ ነው። ቢላ ትሪው ላይ አይፋቅም፣ ትሪውም ለዓመታት ይቆያል።

ይሄን ካልኩ በኋላ አንድ ነገር አምናለሁ። እንቁላልና ስኳር ለበዛበት ለስላሳ ኬክ የመጋገሪያ ወረቀት ከፎይል ይሻላል። ያ ሊጥ ፎይል ላይ በጣም ይጣበቃል። ጎኑ ቀላ እንዲል ለምትፈልጉት ዳቦም ፎይል አያስፈልግም፣ ትሪውን ዘይት መቀባት ይበቃል። ፎይል ቦታው ሌላ ነው። ማር ወይም ስኳር የሚንጠባጠብበት፣ ሥጋ የሚጠበስበት፣ ኬኩ ሳይሰበር መውጣት ያለበት ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከላይ ለመሸፈን።

መሸፈኑን ያነሣሁት ለኛ አገር ስለሚለይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ92 አካባቢ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ይወርዳል፣ ውሃውም በ94 አካባቢ ይፈላል። ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ከፈላ ከሊጡም ቶሎ ይተናል። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል እርሾውና ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጡት አየርም ቶሎ ይነፋል። ስለዚህ ደሴ ላይ ዳቦ በፍጥነት ኩፍ ይላል፣ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ ሳይበስል ከላይ ይቀላል። እህቴ ኮምቦልቻ በምትጋግርበት አሠራር እኔ ደሴ ብጋግር አንድ ዓይነት ዳቦ አይወጣም።

ለዚህ ነው ፎይል የምወደው። ድፎ ዳቦ ኦቭን ሳስገባ መጀመሪያ ላይ ፎይል ደገፍ አድርጌ እሸፍነዋለሁ። ሊጡን አይነካውም፣ ሲነፋ የሚሄድበት ቦታ እተውለታለሁ። ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት እዚያው ይቆይና ላዩ ሳይደርቅ ዳቦው ይነፋል። ግማሽ መንገድ ሲደርስ ፎይሉን አንሥቼ ላዩን አቀላዋለሁ። ድሮ አክንባሎ ይሠራ የነበረውን ሥራ ነው ፎይሉ የሚሠራው። ኬክ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ክፍት ይጋገርና ላዩ ከቀላ በኋላ ውስጡ እስኪደርስ በፎይል ይሸፈናል። ትንሹ ኦቭን ውስጥ ግን አንድ ነገር እዩ። የላይኛው ማሞቂያ ዘንግ ቅርብ ነው። ፎይሉ ጫፉ ከፍ ብሎ ዘንጉን ከነካ ብልጭታና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ጠርዙን ከትሪው ሥር አጥፋችሁ አጥብቁት።

አሁን ጋዜጣው። ዘይት የተቀባ ጋዜጣ ከፎይል ይሻላል መባሉ በጣም አሳዝኖኛል። እህቴም ጽሑፉን አምና ጋዜጣ ልታነጥፍ ነበር። የጋዜጣ ቀለም ለምግብ ተብሎ አልተሠራም። ዘይት ደግሞ ያንን ቀለም ከወረቀቱ ላይ የሚያላቅቅ ነገር ነው። ጋዜጣ ላይ የተቀመጠ ብስኩት ሥሩ ላይ ፊደል ታትሞበት አይታችሁ ይሆናል። ያ ቀለም ሆዳችን ነው የሚገባው። የሕንድ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ሕዝቡ ምግብ በጋዜጣ እንዳይጠቀልል ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። ያም ሳይሞቅ ነው። ዘይት የጠጣ ወረቀት ማሞቂያ ዘንግ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ሊነድ ይችላል። ጸሐፊው በአንድ በኩል አንድ ሚሊግራም አሉሚኒየም ፈርተው፣ በሌላ በኩል የማተሚያ ቀለም ዳቦ ሥር አደረጉ። የመጋገሪያ ወረቀት ካልተገኘ ትሪውን ዘይት ቀብቶ ዱቄት መነስነስ በቂ ነው። እናቶቻችንም እንደዚያ ያደርጋሉ።

ኮባን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ልቤ አንድ ነው። በኮባ የተጋገረ ድፎን ሽታ የሚተካ ነገር የለም። ቅጠሉ እርጥበት ይይዛል፣ አይጣበቅም፣ ዳቦው ላይ መስመሩን ይተውለታል። በበዓል ሰሞን ኮባ ካገኘሁ ፎይል አላስብም። ፎይል ውድ መሆኑም እውነት ነው፣ ርካሹ ደግሞ እየተቀደደ ያስቸግራል። ያልቆሸሸውን አጥቦ ደግሞ መጠቀም ይቻላል። ግን «በኮባ ዘመን በሽታው አልነበረም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ያኔም ሰው ሲያረጅ ይረሳ ነበር። ሽማግሌው የልጅ ልጁ ስም ሲጠፋው፣ ደጁን ስቶ ሲሄድ «አርጅቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ ሐኪም ቤት አይወሰድም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በሽታውን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ያኔ የአሉሚኒየም ፎይል ገና ወደ ወጥ ቤት አልገባም። ፎይሉ ሳይመጣ የነበረን በሽታ በፎይሉ ላይ መጫን አይቻልም።

ጸሐፊው ያላነሡት አንድ የእውነት አደጋ ግን አለ፣ ድንች የምትወዱ አድምጡኝ። ድንች በፎይል ተጠቅልሎ ከተጠበሰ በኋላ እንደተጠቀለለ ውጭ ማደር የለበትም። ከአፈር የመጣ፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር በኦቭን ሙቀት ላይሞት ይችላል። ፎይሉ አየር ይከለክላል፣ ውስጡ እርጥብና ለብ ያለ ነው። ባክቴሪያው የሚወደው ይሄንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ፣ ኤል ፓሶ ውስጥ እንዲህ ካደረ ድንች በተሠራ ምግብ 30 ሰዎች ታመዋል። መርዙ ነርቭ ይይዛል፣ መተንፈስ ያቆማል። ደሴ ብርድ ናት ብላችሁ አትተማመኑ፣ የበሰለ ድንች በፎይል ውስጥ ለብ ብሎ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ወዲያው ካልተበላ ፎይሉን ግለጡት፣ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ትርፍ ምግብም በፎይል ተሸፍኖ አይደር። ክዳን ባለው የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጥ።

አሁን ከሁሉም ወደ ባሰው ልሂድ፣ የኦቭኑን ወለል በፎይል አልብሱ ወደሚለው። ይሄ ምክር ብቻውን ቢሆንም ኖሮ ይህን ምላሽ እጽፍ ነበር። በጋዝ የሚሠራ ኦቭን ወለሉ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች አሉት። እሳቱ ከሥር ነው፣ አየርና ሙቀት በነዚያ ቀዳዳዎች ይመላለሳል። ፎይል ሲነጠፍባቸው ይዘጋሉ። እሳቱ በቂ አየር ሲያጣ ጋዙ በደንብ አይቃጠልም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደሴ ውስጥ ይህን ጋዝ ማስረዳት አያስፈልግም። በብርድ ጊዜ ያልነደደ ከሰል ቤት አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ ተኝቶ ያልተነሣ ሰው ያልሰማ የለም። የሚገድለው እሱ ራሱ ነው። ቅባት ለመያዝ ተብሎ ሰው በገዛ ወጥ ቤቱ እንዲህ ዓይነት አደጋ አይደግስም።

የኤሌክትሪክ ኦቭንም ቢሆን አይነጠፍበትም። ማሞቂያው ከወለሉ ሥር ወይም ወለሉ ላይ ነው። ፎይሉ ሙቀቱን መልሶ ወደ ታች ይልከዋል፣ ወለሉ ከልክ በላይ ይግላል፣ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ፎይሉ ራሱ ወለሉ ላይ ተጣብቆ የማይለቅበት ጊዜ አለ። ከላይ ያለው ዳቦ ደግሞ ሙቀት ስለሚያጣ ታቹ ጥሬ ይቀራል። የኦቭን አምራቾች መመሪያቸው ላይ ወለሉን በፎይል አትሸፍኑ ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው። ቅባት የሚንጠባጠብ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ፎይል የለበሰ ትሪ ከዋናው ትሪ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡ። ጎንና ጎኑ ክፍተት ይኑረው፣ አየር ይለፍ።

ለጸሐፊው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሌላው ባንስማማም ግድ የለም፣ ያቺን የወለል አንቀጽ ግን አንሥተው እርማቱን ለተጋራላቸው ሁሉ ይላኩ። ጽሑፉን አምናችሁ ያነጠፋችሁ ደግሞ ኦቭኑን አጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና ፎይሉን አንሡ። ጫፉ ተጣብቆ እምቢ ካለ በቢላ አትፋቁት፣ ሽፋኑን ይልጠዋል። የጋዝ ኦቭን ከሆነ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እዩ፣ የፎይል ቁራጭ እንዳይቀር። ከዚያ መስኮት ከፍታችሁ ለኩሱትና ነበልባሉን ተመልከቱ። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ሆኖ ጥላሸት የሚያወጣ ከሆነ አጥፉትና ባለሙያ ሳያየው አትጋግሩበት።